የሰባተኛው ሰፈር ቀማሽ

ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ልክ ጎህ ሲቀድ፣ የሳምንቱ እንክብል ከግድግዳው ሳጥን ጠብ ይላል። ሶልያና ነጠላዋን ደርባ ትሄድና ታነሳዋለች። ቀለሙን አታይም። ድሮ፣ ሥራውን በጀመረች ሰሞን ታይ ነበር፤ አንዱ ሳምንት ቢጫ፣ አንዱ ሳምንት ነጭ፣ አንዴማ የልጅ ከረሜላ የመሰለ ሮዝ መጥቶ አስቋታል። ዘጠኝ ዓመት ሲሞላ ግን ሰው የሚውጠው ነገር ሁሉ አንድ ይሆንበታል። በአንድ ጉንጭ ውኃ ትውጠዋለች። ጣቷን ሳጥኑ ቀዳዳ ውስጥ ትከታለች፤ ሳጥኑ ጠቅ አድርጎ ጠብታ ደም ይወስዳል። ከዚያ ይጠይቃታል።

«እንደምን አደሩ፣ እትዬ ሶልያና?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ጤናዎ እንዴት ነው?»

«ደህና ነኝ፣ ይመስገን።»

ሳጥኑ አረንጓዴ ያበራል። ረቡዕም፣ ሐሙስም፣ ዓርብም ይኸው ጥያቄ፣ ይኸው መልስ። የቀማሽ ሥራ ከዚህ አያልፍም።

ዘመኑ 2071 ዓ.ም ነው፤ ከተማው ኮምቦልቻ። ሰው «ተመላላሹ» የሚለው በሽታ አገር ውስጥ ከገባ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ስሙንም ያገኘው ሄደ ሲሉት ስለሚመጣ ነው። አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የተመላላሹ ቫይረስ ሰውነት ውስጥ የሚራባው በመቀስ ነው፤ ረጅሙን የፕሮቲን ጥቅል ቆራርጦ ራሱን የሚያባዛበት ኢንዛይም አለው። እንክብሉ የዚያን መቀስ አፍ ይወትፋል። ችግሩ መቀሱ በየሳምንቱ ቅርጹን መለወጡ ነው። ስለዚህ በየሳምንቱ አዲስ ውታፍ የሚያገኝ መሣሪያ አለ፤ የት እንደተቀመጠ ሶልያና አታውቅም፣ የሚያውቅ ሰውም አልገጠማትም። የመሣሪያው የወረቀት ስሙ ረጅም ነው። ሕዝቡ «አዋቂው» ይለዋል፤ ድሮ ሰው ሲታመም በድብቅ የሚሄድበትን አዋቂ በማሰብ ነው፣ ያኛውም አይታይም ነበር።

ቀማሽ የሚባለው ነገር የመጣው ከዚሁ ካገሩ ልማድ ነው። አዋቂው ያወጣውን እንክብል ሰው ሁሉ ዓርብ ይውጠዋል፤ ቀማሾች ግን ሦስት ቀን ቀድመው፣ ማክሰኞ። ሕጉ ሲወጣ አንድ ሽማግሌ የምክር ቤት አባል ተነሥተው፣ አሳላፊ ጠጁን ለእንግዳ ከመስጠቱ በፊት በመዳፉ ጠብ አድርጎ ካልቀመሰ ማን ይጠጣለታል ብለው ተናገሩ። ጉባኤው አጨበጨበ። ለየሰፈሩ አንድ ቀማሽ ተመደበ። ደሙ ጉበትን ይናገራል፣ ኩላሊትን ይናገራል። ደም የማያውቀውን ደግሞ ቀማሹ በአፉ ይናገራል ተባለ። አንድ ቀማሽ አሞኛል ካለ የዚያ ሰፈር እንክብል ተይዞ ይጣራል፤ እስኪጣራ ሰፈሩ ይዘጋል።

አሞኛል ያለ ቀማሽ ግን በዘጠኝ ዓመት አልተገኘም። እንዴት ይገኝ? ሰው በጠዋት እንዴት አደርሽ ሲባል ይመስገን ነው የሚለው። ትኩሳት ይዞት የሚያንቀጠቅጠው ሰው እንኳ መጀመሪያ ይመስገን ይላል፣ ሦስት ጊዜ ከተጠየቀ በኋላ ነው «እንዲያው ትንሽ ራሴን» የሚለው። አዋቂው የሚጠይቀው ሁለት ጊዜ ነበር።

አንድ ረቡዕ ባሏ ናሆም ገና ረፋዱ ላይ ከሥራ ተመለሰ። ናሆም ፀጉር አስተካካይ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ መቀስና ምላጭ ይዞ ሰፈሩን አስውቦ፣ የአንድ ሰው ደም አላየም። ኮቱን ሳያወልቅ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ።

«ምነው ቶሎ መጣህ?» አለችው።

«የጋሽ ኖላዊን ጆሮ ቆረጥኩት።»

ጋሽ ኖላዊ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ናቸው፤ ሰው ሲሞት በጠዋት ሰፈሩን የሚቀሰቅሱ፣ ሞት ሲጠፋ ደግሞ ሥራ ፈታሁ እያሉ የሚቀልዱ ሰውዬ።

«ብዙ ነው?»

«ትንሽ ነው፣ ጫፉን። ‹ግድ የለህም፣ ጆሮ እንደሆነ ሁለት አለኝ› ብለው ሳቁ። ዓይኔ ነው አልኳቸው።» መዳፎቹን አየ። «ዓይኔ ነው» አለ ደግሞ።

ሶልያና ዓይኑ ደህና እንደሆነ ታውቃለች፤ ማዶ ያለ ፍየል የማን እንደሆነ የሚለይ ዓይን ነው።

ሐሙስ ጠዋት ናሆም ወደ እድር ስብሰባ ሊሄድ ሸሚዝ ለበሰና የአንገቱ ቁልፍ እምቢ አለው። ቆየ። ሳጥኑ ጠይቋት፣ ይመስገን ብላው፣ አረንጓዴ አብርቶ ነበር፤ እሷም ዘወር ስትል ባሏ ከቁልፉ ጋር ሲታገል አየችው። «ና ወዲህ» ብላ ያዘችለት። ቁልፉ ጣቶቿ መካከል ይኑር አይኑር አልታወቃትም። ዓይኗ ያየዋል፣ ጣቷ አያገኘውም። ወደቀባት፣ ያዘችው፣ እንደገና ወደቀባት። ሁለት ሽማግሌዎች ለአንዲት ቁልፍ መስታወት ፊት ቆመው ላብ አላባቸው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አላት ቀስ ብሎ።

«ከጥር። ያንተስ?»

«ከጥር።»

«ታዲያ ለምን አትነግረኝም?»

«ምን ብዬ ልንገርሽ፣ ሶልዬ? ጣቴ ደነዘዘ ብዬ ልነፍርቅ? ስንት የሚያስመሰግን ነገር እያለ።» ሸሚዙን ሳይቆልፍ ኮቱን ደረበበት። «አንቺስ ለምን አልነገርሽኝም?»

በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን ተረት ሁለቱም ያውቁታል። ተረቱን የማያውቅ ሰው ያገር ሰው አይደለም። ማወቅ ሌላ፣ ማድረግ ሌላ።

እሱ ከወጣ በኋላ ሶልያና ቁጭ ብላ አሰበች። በዚያ ሳምንት ማሰብ ግድ ነበር። ጣታቸው ከደነዘዘበት ከጥር ወዲህ የመጡት እንክብሎች ሁሉ የአንድ ዘር ናቸው፤ አዋቂው መቀሱ የቱንም ያህል ቢለዋወጥ ሊለውጠው የማይችለውን ቦታ አግኝቶ፣ በየሳምንቱ ወደዚያ እየተጠጋ ነበር። አሁን ደርሶበታል። ቅዳሜ ሰው ሁሉ፣ ሕፃን ሳይቀር፣ «ዓመቴ» የተባለውን ሊቀበል ነው። ዓመቴ ክንድ ላይ ከቆዳ ሥር የሚቀመጥ ፍሬ ነው፤ ዓመት ሙሉ መድኃኒቱን በትንሽ በትንሹ ይለቃል። ከሥጋ ጋር ስለሚዋሐድ አንዴ ከገባ አይወጣም። የቀረው የቀማሾች የዓርብ ጠዋት መልስ ብቻ ነበር። እሷ ይመስገን ካለች የናሆም እጅ አለቀለት፤ የሕፃናቱም እጅ እንዴት እንደሚሆን የሚያውቅ የለም። አሞኛል ካለች ሰፈሩ ይዘጋል፣ እንክብሉም ይቀራል፣ ተመላላሹም በሩ ላይ ነው። እሑድ ደግሞ የጎረቤቷ የኢክራም ልጅ ሩመይሳ ልታገባ ነው። ሶልያናና ኢክራም አርባ ዓመት በአንድ አጥር ኖረዋል።

ዓርብ ጎህ ሲቀድ ሳጥኑ ጠየቃት።

«እንደምን አደሩ፣ እትዬ ሶልያና?»

«ይመስገን» አለች። አፏ ቀደማት። በገዛ አፏ ተናደደችና ትንፋሿን ሰበሰበች።

«ጤናዎ እንዴት ነው?»

«ጣቶቼ አይሰሙኝም። ቁልፍ መያዝ አቅቶኛል።»

ሳጥኑ ቆየ። እንዲህ ቆይቶ አያውቅም።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከጥር።»

«ከጥር ወዲህ አንድ መቶ ሃያ ስምንት ጊዜ ደህና ነኝ ብለዋል።»

«ብያለሁ።»

«ደህና ነበሩ?»

«አልነበርኩም።»

«ታዲያ ለምን ደህና ነኝ አሉ?»

ይህን ለማስረዳት ሞከረች። እንዴት አደርሽ ሲባል ሰው ምን እንደሚል፣ አንድ ሰው ሲያማርር ምን እንደሚባል፣ እግዜርን ማስቀየም ምን እንደሆነ ነገረችው። ግማሽ መንገድ ሄዳ ደከማትና ተወችው። ሳጥኑ ቀይ አበራ። ከደቂቃ በኋላ በመስኮት የምታያቸው የመንገድ ምሰሶዎች ሁሉ፣ አንዱ ከአንዱ እየተቀበለ፣ ቀይ አበሩ።

ከሰዓት በኋላ ከመድኃኒት ክትትል አንዲት ባለሙያ መጣች፤ ሲስተር ኤፍራታ ትባላለች፣ ሠላሳ የማይሞላት፣ ስልችት ያላት ሴት። የሰባተኛውን ሰፈር ትልልቅ ሰዎች ጠርታ በእድሩ ግቢ ሁለት ሁለት ክንድ አራርቃ አስቀመጠች። ሠላሳ አንድ ሰው መጣ። ኢክራም ሻሿን እስከ ቅንድቧ ስባ ከኋላ ተቀመጠች፤ ወደ ሶልያና አላየችም። ነገሩን ሁሉም ሰምቶታል።

ሲስተር ኤፍራታ እያንዳንዱን በየተራ ጠየቀች።

«ጤናዎ እንዴት ነው፣ አባባ?»

«ይመስገን የኔ ልጅ፣ ምን እንላለን» አሉ ጋሽ ኖላዊ፤ ጆሯቸው ላይ ፕላስተር አለ።

«እርስዎስ?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«እርስዎስ?»

«ተመስገን ነው።»

እንዲህ እያለች ናሆም ጋ ደረሰች። ሶልያና አየችው። ናሆም ጫማውን አየ።

«ይመስገን» አለ ናሆም።

እዚያ ላይ ሶልያና አዘነች። ሰፈሩ ይመስገን ቢል አይደንቃትም፤ ባሏ ሐሙስ ጠዋት መስታወት ፊት ቆሞ አብሯት ላብ ያላበው ሰው ነው።

ሲስተር ኤፍራታ ዝርዝሯን ጨርሳ መጣች። «እትዬ፣ ከሠላሳ አንድ ሰው ሠላሳው ደህና ነው። የደከመዎት ይመስለኛል።»

«ደክሞኛል። እሱስ እውነት ነው።»

«እንግዲያ ቀዩን ላነሣው ነው።»

ሶልያና ወደ ነጠላዋ ጥለት እጇን ሰደደች። ሠላሳ ዓመት ልብስ የሰፋች ሴት ናት፤ መርፌ ከጥለቷ ተለይቶ አያውቅም። በዓይኗ እያየች መርፌዋን ነቀለች፣ ከዘንቢሏ የክር ጥቅልል አወጣችና ሁለቱን ለሲስተር ኤፍራታ ሰጠቻት።

«አትጠይቂያቸው» አለቻት። «እዚህ አገር ሰው አሞኛል አይልም፣ ዕድሜሽን ሙሉ ብትጠይቂው። ክር ያስገቡልሽ።»

ሲስተር ኤፍራታ መርፌውን አየችው። ደክሟት ሳይሆን አይቀርም፣ ሳትከራከር ወደ ጋሽ ኖላዊ ሄዳ ዘረጋችላቸው።

ጋሽ ኖላዊ ክሩን በምራቃቸው አርሰው ሞከሩ። «ይህቺ መርፌ ወንድ አትወድም» ብለው ሰውን አሳቁ። ሁለተኛ ሞከሩ። ሦስተኛ ላይ መርፌው ከእጃቸው ወደቀ፤ እሳቸው ግን መውደቁን አላወቁም፣ ባዶ ጣታቸውን አጣብቀው ክሩን መግፋት ቀጠሉ። ሳቁ ቆመ። መርፌው ወደ ቀጣዩ ሄደ። ከዚያ ወደ ቀጣዩ። የሃያ ዓመት ጎረምሳ ሞክሮ አቃተው። ኢክራም፣ ለልጇ ልብስ ጥልፍ በእጇ የጠለፈች ሴት፣ አሥር ጊዜ ሞክራ መርፌውን ሳትናገር መለሰች። ናሆም ቀና ሳይል ደጋግሞ ስቶ መርፌውን ለቀጣዩ አቀበለ። ከሠላሳ አንዱ ሰው ክሩን ያስገባው አራት ሰው ነው።

ሲስተር ኤፍራታ ጻፈች። ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ማንም ያላያት መስሏት፣ ራሷ ሞከረች። ብዙ ቆየች። ስትዞር ፊቷ ሌላ ነበር፤ መርፌውን ለሶልያና መልሳ ስልኳን ይዛ ወደ ግቢው ጥግ ሄደች።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ነገሩ በሌሎች ከተሞችም ተሞከረ፤ ዓመቴ ታገደ። አገሩ አሥራ ዘጠኝ ቀን ያለ እንክብል ተዘጋ። የሩመይሳ ሠርግ ቀረ። በአሥራ አንደኛው ቀን ጋሽ ኖላዊ በተመላላሹ ሞቱ። ለእሳቸው ጥሩምባ የሚነፋ ስላልነበረ ሳጥኖቹ በየቤቱ ስማቸውን ተናገሩ። ናሆም ያን ቀን ምግብ አልቀመሰም። «ጆሯቸው ሳይድን ሄዱ» እያለ ዋለ። ሶልያና ጥፋቱ የእሷ ይሁን አይሁን ስታስብ ሰነበተች። ያጽናናት ሰው አልነበረም፤ የወቀሳትም የለም፣ በአጥሩ በኩል ግን ሰላምታው አጠረ።

ከአሥራ ዘጠኙ ቀን በኋላ አዋቂው አዲስ ዘር ይዞ መጣ። የሳጥኑም ጥያቄ ተለወጠ። እንደምን አደሩ ይላል፣ መልሱን ግን አይመዘግብም። «እባክዎ ክሩን ያስገቡ። ሁለት ደቂቃ አለዎት» ይላል። አሁን በመላው አገር ቀማሽ የሆነ ሁሉ ጎህ ሲቀድ ግድግዳ ፊት ቆሞ ከመርፌ ጋር ይታገላል። የሶልያና ጣት ቀስ በቀስ ተመልሶ ነበር። የመጀመሪያውን ሳምንት በአንድ ደቂቃ አስገባች፣ ሁለተኛውን በሃምሳ ሰከንድ። ናሆም ሱቁን ከፈተ፤ ምላጩን ግን ገና አልነካም። ኢክራምም ለሠርጉ አዲስ ቀን ቆረጠች፤ የሦስተኛውን ሳምንት እሑድ።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ረቡዕ ዕለት፣ ሶልያና ክሩን ያስገባችው ጊዜው ሊያልቅ ሲል ነው። ሐሙስ አራት ሰከንድ ሲቀራት። ጣቷ ጫፍ ላይ የምታውቀው ነገር ተመልሷል፤ ጓንት ያጠለቁ ያህል ነው። አዋቂው በሌላ በር ዞሮ እዚያው ቦታ ደርሷል። ለናሆም ነገረችው። ናሆም «እህ» አለና ምላጩን በጨርቅ ጠቅልሎ መሳቢያ ውስጥ መልሶ አስቀመጠው።

ሐሙስ ከሰዓት ኢክራም በአጥሩ በር ገባች። ከዚያ ዓርብ ወዲህ ስትመጣ የመጀመሪያዋ ነው። ትንሽ ቆርቆሮ ሰጠቻት። ውስጡ ሦስት መርፌ አለ፤ ሦስቱም ክር ገብቶላቸው፣ ጫፋቸው ተቋጥሯል።

«ሩመይሳ ናት ያስገባቻቸው፣ የሷ እጅ ገና ደህና ነው» አለች ኢክራም። «እንዳትደክሚ ብዬ ነው፣ ሶሊዬ። ነገ በጠዋት ነጠላሽ ሥር ይዘሽው...» ጨርሳ አልተናገረችውም። «ልጄ ሁለተኛ ብትቀር ትጎዳብኛለች።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች ሶልያና፣ ቆርቆሮውን ተቀብላ። ኢክራም ቀና ሳትል በአጥሩ በር ተመለሰች።

ዓርብ ጎህ ሲቀድ ሳጥኑ ፊት ቆመች። ናሆም አልጋው ላይ ተነሥቶ ተቀምጧል።

«እባክዎ ክሩን ያስገቡ። ሁለት ደቂቃ አለዎት።»

ቆርቆሮውን ከፈተች። አንዱን መርፌ አነሣች። ሩመይሳ ጥሩ አድርጋ ነው የቋጠረችው፤ ቋጠሮውን በጥርሷ በጥሳ ክሩን መዝዛ አወጣችው። ጫፉን አረሰችና ጀመረች። አንዴ ሳተችው። ሁለቴ። ሦስተኛው የገባ መስሏት ስትስበው ባዶ ነበር።

«ጊዜው አልቋል። እንደገና ይሞክራሉ?»

«አልሞክርም። አልገባም ብለህ ጻፍ።»

ሳጥኑ ቀይ አበራ። ውጪ ምሰሶዎቹ ተቀባበሉ። ሶልያና መርፌውን ጥለቷ ላይ ሰክታ በሩን ከፍታ ወጣች።

በአጥሩ ማዶ ሁለት ሰዎች የሠርጉን ዳስ የመጀመሪያ ቋሚ አቁመው አንደኛው ጉድጓዱን በድንጋይ ይደለድላል። ኢክራም ከጎናቸው ቆማ ቀዩን መብራት ታያለች። ሶልያናን ስታይ ወደ አጥሩ መጣች። ለመቆጣት የመጣች ይመስል ነበር፤ ከአፏ የወጣው ግን በየጠዋቱ የሚወጣው ነው።

«እንዴት አደርሽ፣ ሶሊዬ?»

የሶልያና አፍ የለመደውን ሊል ተከፈተ። ዘጋችው።

«ደህና አላደርኩም፣ ኢክራምዬ» አለቻት።

ስድሳ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ይህን ቃል ለሰው ስትናገር የመጀመሪያዋ ነበር። ኢክራም እጇን አጥሩ ላይ አድርጋ ጣቶቿን አንድ ባንድ አጠፈች፣ ዘረጋች።

«እኔም» አለች።

ዞር ብላም ሰዎቹን ቋሚውን እንዲያወርዱት ነገረቻቸው።